የአንድ ጥያቄ ሕግ

ኮምቦልቻ በሁለት ሺህ ስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን ትዘጋለች። የሚዘጋው ሱቁና ቢሮው ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ የቀትሩ ሙቀት ሰው ስለሚገድል ከተማዋ ራሷ ናት የምትዘጋው። ሳይረኑ ይጮሃል፣ የማማዎቹ መስኮቶች ይጠቁራሉ፣ አሳንሰሮች ሰው መጫን ያቆማሉ። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አስፋልቱ ላይ ዝር የሚል ሰው የለም። ሰዉ ይህን ጊዜ የጥላ ሰዓት ይለዋል። ዛሬ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ድሮ ሰው በቀትር ኳስ ይጫወት እንደነበር ሲነገራቸው፣ ነጋሪው ሰው ያረጀ ይመስላቸዋል።

ሰው ግን በጥላ ሰዓትም ይርበዋል። በማማዎቹ ላይ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ምሳ የምታደርሰውን ባለ ጎማ ማሽን የነደፈችው ሉባባ ይመር ናት። ማሽኗ በወረቀት ላይ ረጅም ስም አላት፤ የማማው ሰው ግን በድምጿ ምክንያት "ልጅቱ" ይላታል። "ልጅቱ መጣች"፣ "ልጅቱ ሄደች" ሲባል የሚሰማ እንግዳ፣ ፎቁ በሙሉ ተባብሮ አንዲት ልጅ የሚያሳድግ ይመስለዋል።

ሉባባ ሃምሳን ተሻግራለች። ሙያዋ የምርት ዲዛይን ነው፤ አባቷ ጋሽ ይመር ግን ለሰው ሲያስተዋውቋት "ዕቃ የምታስብ ልጅ ናት" ይላሉ። እውነትም ሥራዋን ከዚህ በተሻለ የገለጸው የለም። ወጣት ሳለች ውኃ ለመቅዳት ለሚሰለፉ ሴቶች ወገብ የማይሰብር ጀሪካን ሠራች። ቀጥላ ዓይነ ስውር በጣቱ ዳስሶ የሚለየው የመድኃኒት ክዳን ሠራች። አብረዋት የተማሩት የሀብታም ሶፋ ሲነድፉ፣ እሷ "ዕቃም ደግ መሆን ይችላል" እያለች ከቀበሌ ቀበሌ ትዞር ነበር። ይስቁባት ነበር። እሷም አብራቸው ትስቅና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ስሟን ያስጠራው ግን ዕቃ ሳይሆን ሕግ ነው። ያኔ ዕቃው ሁሉ አፍ አውጥቶ ነበር። ፍሪጁ "ወተት ልዘዝልዎት?" ይላል። እምቢ ሲባል "እርግጠኛ ነዎት?" ይላል። ዝም ሲባል ደግሞ በመብራቱ በኩል ዞሮ ይመጣና "እስቲ እንደገና ያስቡበት" ይላል። ሰው በገዛ ቤቱ ጆሮውን የሚያሳርፍበት ጥግ አጣ። ሉባባና ጓደኞቿ ለዓመታት ደጅ ጠንተው የአንድ ጥያቄ ሕግን አስወጡ፤ ማሽን ሰውን ስለ አንድ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል፣ እምቢ ከተባለ አፉን ይዘጋል። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለ ዕለት ቤቱ ሁሉ ጭጭ አለ። ሉባባ በዚያ ጸጥታ መሐል ቁጭ ብላ በደስታ አለቀሰች።

ስለዚህ ልጅቱም የምትጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በቅርቡ በተደረገ የዲዛይነሮች ጉባኤ ላይ ሉባባ መድረክ ወጥታ፣ ከምሳው ግማሽ ያህሉ "አልፈልግም" ተብሎ እንደሚመለስ በኩራት ተናገረች። "ሰው የተከበረው እምቢ ማለት ሲችል ነው" አለች፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ጭብጨባው ከዓለምሰገድ ጆሮም ደረሰ። ዓለምሰገድ የማማዎቹን ወጥ ቤቶች የሚያስተዳድር ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ የተረፈ ምግብ ሲጣል ካየ ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ደወለላትና "እንግዲህ አረጋውያኑ ጠግበዋል ማለት ነው" አላት። "ከመጪው ወር ጀምሮ ወጥ ቤቶቹን ልንዘጋቸው ነው። የቸገረው ካለ ቀርቦ ያመልክት።"

ያልተፈለገ ዕቃ ይነሳ የሚለው የራሷ የሉባባ ትምህርት ነው። "እንግዲህ ካልፈለጉት ምን ይደረጋል" ብላ ስልኩን ዘጋች።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት አባቷን ልትጠይቅ ወደ ስምንተኛው ማማ ወጣች። የምትመጣው አልፎ አልፎ ማታ ማታ፣ የሚበላ ነገር ቋጥራ ነበር። የዛሬው ግን በመንገዷ ላይ ብቅ ማለት ነው፤ እጇ ባዶ ነው። ጋሽ ይመር በደስታ ተቀበሏት። በሥራ ዘመናቸው የቤት ደላላ ነበሩ፤ አፋቸው አሁንም አልደከመም። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ድሮ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ስላከራዩት ቤት አወሩላት። ሰዓቱ ሲገፋ ግን ዓይናቸው ደጋግሞ ወደ በሩ መሄድ ጀመረ።

"አትሄጂም እንዴ ልጄ? ሳይረኑ ሊጮህ ነው።"

"እሄዳለሁ አባ፣ ምን አስቸኮለህ?"

"እኔማ ምን ያስቸኩለኛል። ሥራ እንዳይበደልብሽ ብዬ ነው።"

ይህን ሲባባሉ ሳይረኑ ጮኸ። መስኮቱ ጠቆረ፣ አሳንሰሩ ሰው መጫን አቆመ። ሉባባ እስከ አሥር ሰዓት መውጫ የላትም። ጋሽ ይመር ፊታቸው ቅጭም አለ።

እኩለ ቀን ላይ ልጅቱ መጣች። የምስር ወጡ ሽታ ቀድሟት ገባ። በፎቁ ላይ ሦስት በሮች አሉ። ልጅቱ መጀመሪያ በጡረተኛው በሻምበል አስፋቸው በር ላይ ቆመች።

"ሻምበል፣ ምሳ ይዣለሁ። ላስገባልዎት?"

"በልቻለሁ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ቀጥሎ የእትዬ ሙሉሸዋ በር ነው። እትዬ ሙሉሸዋ ባላቸውን ቀብረው ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው። "እኔስ ጠግቤያለሁ" አሉ ከበራቸው ጀርባ። "ለሌላው ስጪው።"

ከዚያ ልጅቱ ወደ ጋሽ ይመር ዞረች። ጋሽ ይመር በራቸውን ከፍተው ኮሪደሩን ግራ ቀኝ ቃኙና፣ ፎቁ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ "ኧረ አሁን ነው የበላሁት!" አሉ።

"እንደ ፈቃድዎ። መልካም ቀን።"

ልጅቱ ምግቧን እንደያዘች ጎማዋን አዙራ ሄደች። ያኔ ሉባባ በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ስታይ፣ ሦስቱም በሮች ገርበብ ብለው፣ ከሦስቱም በሮች ዓይኖች የልጅቱን ጀርባ ሲሸኙ አየች። ከዚያ በሮቹ ቀስ ብለው ተዘጉ።

"አባ፣ ምን በላህ?"

"ጠዋት ሻይ ጠጥቻለሁ።"

"ከሻይ ጋርስ?"

ጋሽ ይመር ሱሪያቸውን ሽቅብ ሳብ አደረጉ። ሉባባ የዚያን ጊዜ ቀበቶአቸውን አየችው፤ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር ተበስቶለታል።

"ታዲያ ለምን በልቻለሁ ትላታለህ?"

"ምን ልበላት ታዲያ?" አሉ ጋሽ ይመር፣ ጥያቄው እሷን የማይመጥን ይመስል ተገርመው። "ገና ከመጠየቄ አዎ ብዬ ልንሰፍሰፍ? ሻምበል በሩ ላይ ጆሮውን ደቅኖ? ነገ 'ይመር የልጁ ማሽን ስትመጣ እየሮጠ ይቀበላታል' ሊባል?"

"ማንም እንዲህ አይልም።"

"አይልም፤ ያስባል። የመጀመሪያ ሰሞን እኮ ትደግመኛለች ብዬ ጠብቄያት ነበር። አንዴ ብትደግምልኝ 'እንግዲህ ካልሽ' ብዬ ልቀበላት ተዘጋጅቼ ቆሜያለሁ። እሷ እቴ! ፊቷን አዙራ ሄደች።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "አትቀየሚኝ ልጄ፣ ልጅቱ አስተዳደግ ይጎድላታል። አርባ ዓመት ደላላ ሆኜ ስኖር የመጀመሪያውን ቃል እንደ ቃል የሚቆጥር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።"

ሉባባ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣትና ሁለቱንም ሳታደርግ ቀረች። ጉባኤው ላይ የተጨበጨበለት ግማሽ ምሳ ዓይኗ ላይ መጣ። ያ ሁሉ ሰው ለአንድ ተጨማሪ ጥያቄ በሩን ገርበብ አድርጎ ሲጠብቅ ኖሯል። በስንቱ ማማ፣ በስንቱ ፎቅ? ወጥ ቤቶቹ ደግሞ ሊዘጉ ነው፤ ያመልክት የተባለው እንኳን ማመልከት፣ ለቀረበለት ምግብ አዎ ለማለት ያፈረ ሰው ነው። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የጠቆረውን መስኮት እያየች ተቀመጠች። እንዲህ ያፈረችበት ቀን አልነበረም።

በማግስቱ ወርክሾፕ ገብታ ነገሩን ለትርሲት ነገረቻት። ትርሲት የማሽኖቹን ንግግር የምትጽፈው የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ ከጀሪካኑ ዘመን ጀምሮ አልተለያዩም።

"ቀላል ነው" አለች ትርሲት። "ለምግብ ብቻ ልዩ ፈቃድ እንጠይቅ። ልጅቱ ሦስት ጊዜ ትጠይቅ፤ ሦስተኛው ላይ 'በሞቴ' ትበል።"

"የራሴን ሕግ ራሴ ልጣስ?"

"አባትሽ ከሚራቡ ሕግሽ ይጣስ።"

ፈቃድ ከመጠየቃቸው በፊት ግን እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ ሊሞክሩት ተስማሙ፤ ጋሽ ይመርም ተጠርተው መጡ። ልጅቱ ቀርባ ምሳ ይብሉ አለቻቸው። ጋሽ ይመር በልቻለሁ አሉ። ደገመች፤ እሳቸውም ደገሙ። ሦስተኛው ላይ በዚያ በለሰለሰ ድምጿ "በሞቴ ይብሉልኝ" አለች።

ጋሽ ይመር እስኪያስላቸው ሳቁ። "የማን ሞት?" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "ደግሞ ላንቺ ምን ሞት አለሽ? ባትሪሽ ሲያልቅ ነው?" ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ሉባባዬ፣ ይሄን ቃል ለሷ አታስተምሪ። ቃሉን የሚለው ሰው እምቢ ስለው ቅር የሚለው፣ ስሞት የሚቀብረኝ ነው። እሷ ካለችው ነገ ፍሪጁም ይለዋል።"

ትርሲት ቅር አላት፤ ሉባባ ግን በውስጧ እፎይ አለች። አባቷ የተናገሩት እሷ ወጣት ሳለች ለሕጉ ስትሟገት የተናገረችውን ነው፤ ያውም እሷ ካለችው አሳምረው። ሆኖም ችግሩ እንዳለ ነው፣ ወሩም እያለቀ ነው።

መፍትሔው የመጣው ሊሄዱ ሲሉ ነው። ትርሲት መደርደሪያ እያዛወረች ነበርና "ጋሽ ይመር፣ እስቲ ይቺን ጫፍ ይያዙልኝ" አለቻቸው። ጋሽ ይመር "እሺ" ብለው ወዲያው ያዙ። ማቅማማት የለ፣ መለመን የለ። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰው በባዶ ሆዳቸው መደርደሪያ ይዘው ወርክሾፑን አቋረጡ።

ሉባባ ባለችበት ቀረች። ስጦታ ሲቀርብላቸው አንድም ቀን በመጀመሪያው ቃል እሺ ብለው አያውቁም። እርዳታ ሲጠየቁ ግን ጥያቄው ሳያልቅ እሺ ይላሉ። እትዬ ሙሉሸዋም እንዲያ ናቸው፤ ሻምበልም እንዲያ ናቸው፤ እሷ የምታውቀው ሰው ሁሉ እንዲያ ነው። ይህን ሰው ተቀባይ ለማድረግ ይህን ሁሉ ዓመት ስትለፋ ኖራለች።

"ትርሲት" አለች፣ "ልጅቱ ብሉ አትበል። ጋብዙልኝ ትበል።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለቱ የሚያውቁት ሥራ ነው። በየሰዉ ሳህን መታደሉ ቀረ፤ በፎቅ አንድ ትሪ ሆነ፣ ጎረቤቶቹም በየተራ ይጋብዙበታል። ትሪው እግር ተሠራለት፣ ስፋቱም ከቤቱ በር እንዲበልጥ ተደረገ፤ አንዱ ተረኛ አፍሮ ወደ ውስጥ ሊያስገባው ቢያስብ በሩ አያሳልፈውም፣ ኮሪደሩ ላይ ይበላል። የሥጋ ነገር ጥቂት አከራከራቸው፤ የእስላሙና የክርስቲያኑ ሥጋ እንደሚለይ ወሎ ላይ ማንም ያውቃል። ትሪው የጾም እንዲሆን ወሰኑ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ማንም የማይገለልበት። ልጅቱም የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ሕጉ እንዳለ ቆመ።

ዓለምሰገድን ማሳመን ግን ከዚህ ሁሉ ከበደ። "እምቢ ያሉትን ሰዎች በትልቅ ትሪ ነው የሚያበሏቸው?" አለ። ሉባባ ብዙ ተከራከረችው። በመጨረሻ አንድ ምሳ ፈቀደላት፤ ራሱ መጥቶ ያያል፣ ትሪው ሳይነካ ከተመለሰ ወጥ ቤቶቹ በተባለው ቀን ይዘጋሉ። ሉባባ ለአባቷ ምንም አልነገረችም። ብትነግራቸው ለእሷ ሲሉ ድንጋይም ይበላሉ።

በቀጠሮው ቀን ሉባባና ዓለምሰገድ ከሳይረኑ በፊት ስምንተኛው ማማ ገቡ፤ ከደረጃው በር ጀርባ ቆመውም በቀዳዳው ኮሪደሩን ያዩ ጀመር። እኩለ ቀን ሲሆን ልጅቱ መጥታ በጋሽ ይመር በር ላይ ቆመች።

"ጋሽ ይመር፣ የዛሬው ተረኛ እርስዎ ነዎት። ጎረቤቶችዎን ምሳ ይጋብዙልኛል?"

"እሺ ልጄ፣ ምን ገዶኝ!"

ልጅቱ ትሪውን አቁማ ሄደች። ጋሽ ይመር ከትሪው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ምራቃቸውን ሲውጡ ጉሮሯቸው ከሩቅ ይታያል። እጃቸው ወደ ትሪው ሄድ አለና ተመለሰ፤ ቆባቸውን አስተካክለው የእትዬ ሙሉሸዋን በር አንኳኩ።

"እትዬ ሙሉሸዋ፣ ኑ እንብላ።"

"አይ ጋሽ ይመር፣ በልቻለሁ።"

"ምን በልተው? ኑ እንጂ።"

"ኧረ ጠግቤያለሁ፣ እናንተ ብሉ።"

ዓለምሰገድ ወደ ሉባባ ጆሮ ጠጋ ብሎ "ሁለቴ እምቢ አሉ እኮ" አላት። "ይጠብቁ" አለችው።

"እናንተ የሚሉት ማንን ነው? ብቻዬን ቆሜያለሁ" አሉ ጋሽ ይመር። "በሞቴ!"

በሩ ተከፈተ። "ምነው ለምሳ እንዲህ በትልቁ መማል" እያሉ እትዬ ሙሉሸዋ ወጡ፤ በእጃቸው በርጩማ ይዘዋል። በርጩማው መቼ እንደተዘጋጀ የጠየቃቸው የለም።

ሁለቱም ግን አልተቀመጡም። ወደ ሦስተኛው በር ሄዱ።

"ሻምበል፣ ኑ እንብላ።"

"በልቻለሁ። ተዉኝ።" ድምፁ ቀጥኗል።

"ኑ እንጂ ሻምበል፣ እትዬ ሙሉሸዋም አሉ።"

"ደህና ነኝ አልኩ እኮ።"

ሉባባ ይህን መልስ ታውቀዋለች። ልጅቱ ለሳምንታት ከዚህ በር ይዛ የተመለሰችው ይህንኑ ነው፤ ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ። በወርክሾፑ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቤቶቹ ካርታ የሻምበል ቤት በአረንጓዴ ይበራል፤ ጠግቧል ማለት ነው።

"በሞቴ" አሉ ጋሽ ይመር። በሩ አልተከፈተም። እትዬ ሙሉሸዋ መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ።

"ሻምበል፣ እኔም በሞቴ ብያለሁ። ሁለት ሞት ደጅዎ ቆሞ እምቢ ይላሉ?"

ከዚያ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ተሰማ፣ ቁልፉ ዞረ። ሻምበል አስፋቸው ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። ለእንግዳ ብለው ይሁን ለክብራቸው፣ የድሮ የወታደር ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ለብሰዋል፤ ካፖርቱ ግን አሁን ከእሳቸው ሌላ አንድ ሰው ይጨምራል። እትዬ ሙሉሸዋ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ጋሽ ይመር ወደ በሩ ጠጋ አሉ።

"ምን ያህል ያስጠብቃሉ?" አሉ በቁጣ አስመስለው። "ወጡ ቀዘቀዘ እኮ።" ክንዳቸውን ሰጧቸው፤ ሻምበልም ያዙት።

ተቀመጡ። የሻምበል እጅ እንጀራውን መቁረስ አቃተው። እትዬ ሙሉሸዋ ምንም እንዳላየ ሰው ሆነው ትንሽ ጉርሻ ጠቅልለው አቀረቡላቸው፣ ሻምበልም ጎረሱ። ቀጥሎ ጋሽ ይመር ጎረሱ። ከዚያ ወሬው ተጀመረ፤ ስለ ልጅቱ አስተዳደግ፣ ስለ ሽሮው ጨው ማነስ፣ ስለ አሳንሰሩ። ሉባባ ከበሩ ጀርባ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት፤ ለመደበቅም አልሞከረችም። ማታ ሐኪም መጥቶ ሻምበልን እንዲያያቸው ወዲያው መልእክት ላከች።

"ሁለቱ ሰዎች አራት ጊዜ እምቢ አሉ" አለ ዓለምሰገድ በመጨረሻ። "ትሪው ግን ባዶ ነው። ይሄን ለአለቆቼ ምን ብዬ ነው የማስረዳው?"

"እንዳዩት ይንገሯቸው።"

እንደገና ኮሪደሩን አየ። "ለሁሉም ማማ የሚበቃ ትሪ ለመሥራት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብዎታል?" አላት።

እሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ከትሪው በኩል የሻምበል ድምፅ መጣ። ጥቂት ወፍራም ሆኗል።

"ነገ ተረኛው ማነው?"

"እኔ ሳልሆን አልቀርም" አሉ እትዬ ሙሉሸዋ።

"አይሆንም። ነገ የምጋብዘው እኔ ነኝ።"

"ሻምበል፣ መጀመሪያ ያገግሙ እንጂ። ነገ እኔ ልያዘው፣ እርስዎ በሳምንቱ ይደርስዎታል።"

"በሞቴ" አሉ ሻምበል አስፋቸው።

እትዬ ሙሉሸዋ ጋሽ ይመርን አዩ። ጋሽ ይመርም ባዶውን ትሪ አዩ። ሉባባ ስልኳን አውጥታ የነገው ተረኛ ሻምበል መሆናቸውን ለትርሲት ነገረቻት።